ባል ያለበት ከረጢት

ካርልተን፣ ሜልበርን
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእናኑ፣
ደብረ ብርሃን

ደብዳቤ «ውድ» ተብሎ ይጀመራል ብላ ወንጌላዊት አስተምራኛለች። እኔ ግን አልልሽም። ሃያ አራት ዓመት ቃል ሳልልክልሽ ቆይቼ ዛሬ ተነስቼ ውድ ብልሽ አንቺም አታምኚኝ፣ እጄም እሺ አይለኝ። እህቴ ብዬሻለሁ፤ ይበቃሻል። ጤናሽንም አልጠይቅም። ጉልበትሽ እንደሚያምሽ፣ ከገበያ ስትመለሺ መንገድ ላይ ሁለት ቦታ እንደምትቀመጪ ልጅሽ ነግራኛለች። የእኔን ማወቅ ከፈለግሽ ደም ግፊትም ስኳርም አለብኝ። ሁለቱም እንደ እኔ ግትር ናቸው፤ እስካሁን ግን አላሸነፉኝም።

ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አላረመልኝም። ፊደሉ ቢንጋደድ የእኔ ነው፤ ቁጣውም የእኔ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ በቤተ ክርስቲያናችን የኋላ ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጎን በትንሽ ወንበር ተቀምጬ። ወንጌላዊት የምትባለው መምህሬ ናት። ያኔ ከባሏ ጋር አዲስ የመጣች ልጅ ነበረች። «እትዬ የሺ፣ እጅዎ ፈጣን ነው» አለችኝ። ፈጣን ያደረገው እንዝርት ነው አላልኳትም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። አባባ አንቺን ትምህርት ቤት ሲያስገባ እኔን «የእሷ እጅ ለፈትል ነው የተፈጠረው» ብሎ የበግ ጠጉር ክምር ፊት አስቀመጠኝ። አንቺ ሀ ሁ እያልሽ ስትገቢ እኔ እንዝርቴን እያሾርኩ እሰማሽ ነበር። ይህን አልረሳሁም። አንቺም እንድትረሺው አልፈልግም።

ልጅሽ ሂዊ ማክሰኞ ትበራለች፤ ደብዳቤውን የምትሰጥሽ እሷ ናት። የጻፍኩት ባልሽ አጠገብ ተቀምጠሽ ጮክ ብለሽ እንድታነቢለት ነው። ኩላሊቱ እንደደከመ፣ ሐኪሞቹም ቀኑ አጭር ነው እንዳሉ ሰምቻለሁ። «የሺ ሌባ አይደለህም ሳትለኝ አልሂድ» ማለቱንም ሰምቻለሁ። እንግዲህ ጆሮው ሳይደክም አንብቢለት። አንዲት ቃል አትዝለዪ፣ አታለሳልሺ። አንቺ ማለሳለስ ትወጃለሽ፤ እማማ ስትቆጣኝ እንኳን ለጎረቤት «እየመከረቻት ነው» ትዪ ነበር። የሚፈልገውን እነግረዋለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ በራሴ መንገድ። ይታገሠኝ።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ ተባይ ነው። በሰኔ መግቢያ፣ እዚህ ብርዱ ሲጀምር፣ ካፖርቶቼን ላወጣ ቁምሳጥኔን ከፈትኩ። ከመሀላቸው አንዲት ወርቅማ ነገር፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ብር አለች። ሌላው በራሪ ሁሉ መብራት ሲያይ ይሮጥለታል፤ ይቺ ግን መብራቱን ሸሽታ ወደ ጨለማው ተመልሳ ገባች። በጫማዬ መታኋት። ጣቴ ላይ የወርቅ ዱቄት የመሰለ ነገር ቀረ። በማግስቱ አራት ሆኑ። የእህል ነቀዝ መስሎኝ ኩሽናዬን ገለበጥኩት፤ ደህናውን ዱቄት ሁሉ በከንቱ ጣልኩ።

አሥራ አንድ የሱፍ ካፖርት አለኝ። አትሳቂ። እዚህ ሀገር የገባሁት በሐምሌ ነው፣ ከካርቱም በነጠላ ጫማ። የዚያን ቀን አጥንቴ ውስጥ የገባው ብርድ እስከ ዛሬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ኦፕሾፕ ገብቼ፣ ሰው ለብሶ የጣለው ከሚሸጥበት ማለቴ ነው፣ ሱፍ ካየሁ እጄ አያልፍም። ሱፍ የሆነውንና ያልሆነውን ዓይኔን ጨፍኜ በሁለት ጣቴ እለያለሁ። በየት እንደተማርኩት ታውቂያለሽ።

ወንጌላዊት ሐሙስ ልትጠይቀኝ ስትመጣ አንዱን በብርጭቆ ከድኜ አሳየኋት። ስልኳን አውጥታ አገላበጠችና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ብል ነው» አለች።

«ብል? ያው የሀገር ቤቱ ብል?»

«ያው ነው። ዘሩ የአውሮፓ ነው ይላል። ከሰው ልብስ ጋር በመርከብ እየተጫነ ዓለምን አዳርሷል።»

«እንደ እኔ በሻንጣ ነው የመጣው በይኛ።»

«ሱፍ፣ ላባ፣ ጠጉር ይበላል። ላብ የነካውን ይመርጣል። ጨለማ ይወዳል፤ ማንም የማይነካው፣ የማይራገፍ፣ ፀሐይ የማያየው ልብስ ውስጥ ይራባል። ደግሞ ይሄ የሚበረው አይበላም፤ አፉ ለመብላት አይሆንም ይላል።»

«ታዲያ ካፖርቴን ማን በላው?»

«ትሉ ነዋ፣ እትዬ። ከውስጥ ያለው።»

«ሦስት ቀን ሙሉ በጫማ ስቀጠቅጥ የከረምኩት ያልበላውን ነው?»

ሳቀች። ልጅቷ ነገር መናገሯ አልነበረም። እኔ ግን አልሳቅሁም።

መራገፍ አለባቸው ስላለች አንድ በአንድ በመስኮት እያወጣሁ አራገፍኳቸው። መጨረሻ ላይ ሰማያዊዋን፣ ስመጣ የሰጡኝን የመጀመሪያዋን ካፖርት አነሳሁ። ከሁሉ የከፋችው እሷ ናት፤ ወንፊት ሆናለች። የውስጥ ኪሷ ዙሪያው ተበልቶ ስለነበር ገና ስነቀንቃት ደብዳቤሽ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። በ1993 የጻፍሽልኝ።

አላነበብኩትም። ማንበብ ከቻልኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን አውጥቼው አላውቅም። በቃሌ የማውቀውን ምን አነባለሁ? «እትዬ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም። የአባባን በርኖስ፣ አደራሽን፣ ባል በላው። እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ይቅር በይኝ።» ይኸው ነው። ሌላው ሰላምታ ነው።

ያኔ ያነበቡልኝ ጋሼ ደበላ ናቸው። ሀገር ቤት የቀበሌ ጸሐፊ ነበሩ፤ እዚህም የፎቃችን ሰው ደብዳቤ ሁሉ በእሳቸው አፍ ነበር የሚያልፈው። መነጽራቸው በአንድ በኩል ተሰንጥቆ በፕላስተር ታስሮ ነበር። ባል በላው አሉኝ፤ ባል በላው ብዬ ሰማሁ። «ባሌ ማለት አፍራ ነው ባል ያለችው» ብዬም ፈታሁት። ምን ላድርግ? ባልሽ ሰልባጅ ነጋዴ ነው። በርኖስ እጁ ከገባ ከቦንዳው ልብስ ጋር ቆልሎ እንዳይሸጠው ማን ይይዘዋል? የእኔም ባል ካርቱም ላይ ከሌላ ሴት ጋር ሲሄድ የጆሮ ጌጤን ሳይቀር ነው ይዞ የሄደው። ባል ከተባለ ክፉ ለመስማት ጆሮዬ አስቀድሞ የተከፈተ ነበር።

በርኖሱ ምን እንደነበረ ለባልሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ሁለት ክረምት የፈተልኩት ነው። ጥቁር በግ ብቻ እየተመረጠ፣ ጣቴ እስኪቆስል። አባባ ሊሞት ሲል «ፈትለሽዋል፤ ያንቺ ነው» አለኝ። ለአንቺ ፊደል ሰጠሽ፤ ለእኔ በሕይወቱ የሰጠኝ ያንን ብቻ ነው። ወደ ሱዳን ስወጣ አንቺ እጅ ላይ አኖርኩት፣ «እስክመለስ አደራ» ብዬ። ስለዚህ አደራሽ ተበላ ስባል የተበላው ልብስ ብቻ እንዳይመስልሽ።

መልሴን ጋሼ ደበላ ጻፉ፦ «ከአደራ በላ ጋር የምትኖር እህት የለችኝም።» አንቺም ዝም አልሽ። «ብል እኮ ነው ያልኩሽ» ብለሽ አንዲት መስመር መጻፍ አቃተሽ? ልጅሽ እንደነገረችኝ፣ «ያልኩትን ውሸት አለችው፤ ደግሜ አልምልም» ብለሽ ነው። እንዲህ ያለውን ኩራት ከማን እንደወረስሽው አላውቅም።

ሂዊን አምና በየካቲት ላክሽብኝ። እዚህ ለትምህርት በመጣች ሳምንት ሳይሞላት በሬን አንኳኳች። በበሩ ቀዳዳ አየኋት፤ ያንቺ ግንባር ነው ያላት።

«ማነሽ?»

«ሂዊ ነኝ፣ የእናኑ ልጅ።»

«የእናኑና የማን?»

የአባቷን ስም ጠራች። መቀርቀሪያውን ደግሜ ቆለፍኩት። በየወሩ ገደማ መጣች። አንዳንዴ ብርቱካን፣ አንዳንዴ ዳቦ በራፉ ላይ አስቀምጣ ትሄድ ነበር። ብርቱካኑን በልቼዋለሁ፤ ብርቱካን ምን አጠፋ?

አሁን ወደሚያሳፍረው ደረስኩ። ካፖርቶቹን በሁለት ከረጢት ከፈልኳቸው። ደህናዎቹ አዲስ ለገቡ ሰዎች እንዲሆኑ፣ የተበሉት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ኩሽና ውስጥ ባለው ትልቅ ፍሪዘር እንዲገቡ። ትሉን የሚገድለው ብርድ ነው። እንዳይቀላቀሉ ብዬ በወረቀት በትልቁ ጻፍኩና ለጠፍኩባቸው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ስንጠጣ መታሰቢያ የምትባል፣ ኤጅድ ኬር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ማለቴ ነው፣ የምትሠራ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ከረጢቶቹ ፊት ቆመች።

«እትዬ የሺ! ይሄኛውን እኔ ልውሰደው።»

«ለምንሽ? የተበላሸው ነው።»

«ይበላሽ። ባል ያለበት ይላላ! ሦስት ዓመት የጸለይኩት ለዚህ አይደል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ «ፍሪዘር ሊገባ ነው እኮ» አለች። «ይግባ፣ የእኔም ቀዝቀዝ ቢልልኝ አልጠላም» አለች ሌላዋ። አንድ ሽማግሌ ሳይቀሩ «ከረጢቱን ፈታ አድርጉለት፣ ይተንፍስ» አሉ። ወንጌላዊት አፏን በእጇ ይዛ መጣችና በጆሮዬ «እትዬ፣ ብል ለማለት ባል ብለዋል» አለችኝ። ብ በግራ ጎኗ ትንሽ ጭረት አላት፤ ባ ደግሞ አንድ እግሯ አጭር ነው። ልዩነቱ ያ ብቻ ነው። እኔ ጭረቷን ረስቼ እግሯን አሳጥሬያለሁ።

ዞር ስል ሂዊ ከኋላ ቆማ ትስቃለች። ቤተ ክርስቲያናችን መምጣት ከጀመረች ቆይታለች፤ ሰላምታ ግን ሰጥቻት አላውቅም። በእሷ ላይ ወረድኩባት።

«አንቺን ደግሞ ምን ያስቅሻል?»

«እማዬ ትዝ ብላኝ ነው» አለች። ሳቋ ጠፋ። «የእሷም ብ ባ ነው የሚመስለው። አባዬ ግዢ ስትልከው ወረቀቱን እያየ፣ "ባርቱካን የሚባለው የትኛው ፍሬ ነው?" ይላታል።»

ሻዬን አስቀመጥኩ። ማንንም ሳልሰናበት ወጥቼ ትራም ላይ ወጣሁ። መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ በእግሬ ተመለስኩ። ደብዳቤሽ ማቀዝቀዣው ላይ፣ ከመድኃኒቴ ጎን እንዳስቀመጥኩት ነበር። ማጉያ መነጽር አለኝ፤ የመድኃኒት ጽሑፍ የማነብበት። አንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ፣ እንደ ሕፃናቱ ድምፅ እያወጣሁ አነበብኩ። «አደራሽን» አልኩ። ቀጥሎ ያለው ላይ ቆምኩ።

ጭረቷ አለች። ደብዝዛለች፣ ቀለሙም ሸሽቷል፣ ግን አለች። የወረቀት እጥፋት ይሆናል ብዬ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። እጥፋት አይደለም። በብዕር የተሠራች ናት። አንቺ አድርገሻታል።

ምን ነበረበት ቃሉን ብትዘረዝሪው? «ብል የሚባለው ተባይ» ብትዪ? ሳጥኑን ስትከፍቺ ያየሽውን ብትጽፊ? የተማርሽው አንቺ! አባባ በእኔ እጅ ላይ ያስተማረሽ! የልፋቴ ዋጋ ፊደል ከሆነ ምናለ አጥርተሽ ብትጽፊው? ይህንን ስታነቢ አታልቅሺ። ያለቀስሽ እንደሆነ ፊደሌ ይጠፋል፣ ባልሽም ቀሪውን አይሰማም።

በማግስቱ ጋሼ ደበላ ጋ ደወልኩ። አሁን ሜልተን ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው።

«የሺሀረግ ነኝ፣ የአራተኛ ፎቋ።»

«አለሽ እንዴ?»

«በ93 የእህቴን ደብዳቤ ሲያነቡልኝ መነጽርዎ ተሰንጥቆ ነበር።»

«የእኔ መነጽር? እኔ የተሰነጠቀ መነጽር አድርጌ አላውቅም።»

«ብልን ባል ብለው ነው ያነበቡልኝ! ሃያ አራት ዓመት!»

«ያን ደብዳቤ አስታውሰዋለሁ» አሉ። «ሦስት ጊዜ አስነብበሽኛል። ያቺ ቃል አልለይ ብላኝ ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«አልጠየቁኝም።»

«ጠይቄሻለሁ፣ ልጄ። አንቺ ያልሽኝን ልንገርሽ?»

ዘጋሁባቸው። የገዛ ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ነው የሚጠሩት። ሰው በዚያ ዕድሜ ያልሆነውንም ያስታውሳል።

ከዚያ ሂዊን «ነይ» ብዬ አስጠራኋት። ከሺፍት ወጥታ ከሆፐርስ ክሮሲንግ በባቡር መጣች። በሩን ስከፍትላት አልገባችም፤ ደፉ ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ፣ ብርድ ይገባል።»

«ብል ባይበላዎት ኖሮ አይከፍቱልኝም ነበር።»

«አልከፍትልሽም ነበር።»

«አሥራ ሦስት ጊዜ ነው የመጣሁት።»

«ትቆጥሪያለሽ?»

«እቆጥራለሁ። በአሥራ አንደኛው እስኪያባራ ድረስ ከበርዎ ሥር ተቀምጬ ነበር። ቴሌቪዥንዎ ይሰማኝ ነበር። እርስዎም ሲስሉ ሰምቻለሁ።»

ልጅሽ የእኔን ምላስ ነው የወሰደችው፤ ያንቺን አይደለም። ደስ አለችኝ። ለእሷ እንዳትነግሪያት። ገብታ ተቀመጠች፤ የአባቷን ነገር የሰማሁት ያኔ ነው። ስለ ሕመሙ፣ ስለ ልመናውም። ሌላም ነገረችኝ። ደብዳቤዬ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ባልሽ የሱፍ ልብስ ሸጦ አያውቅም። ከቦንዳው ውስጥ ካፖርት ሲወጣ ወደ ጎን ያስቀምጥና ለሚበርደው ሰው በነጻ ይሰጣል። «ለምን?» ሲሉት «የሱፍ ሌባ ተብያለሁ፤ እጄን አላስነካም» ይላል። የሠፈሩ ሰው ቀልድ ይመስለዋል አለች። ቀልድ አይደለም።

ከቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «እማዬ አምና አብራ የላከችው ነው። በሩ ስላልተከፈተልኝ አልጋዬ ሥር ነው የከረመው።» ጥቁር ቁራጭ ነው፣ ከመዳፌ ትንሽ የሚበልጥ፣ በብል የተበሳሳ። ጣቴን አሳለፍኩበት። ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ያ ክር የእኔ ነው። ግራ እጄ የሚያከርረው ክር ወደየት እንደሚዞር አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁትን ልንገርሽ፤ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ሂዊ «እትዬ፣ ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ምን ትል ይኖረዋል?» አለች። እኔ አላምንም። ብል እንደዚያ ያለ ነገር ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ማን ያውቃል?

«በስልክ ይንገሩት» ብላኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ደውላ ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋች። ድምፁን ሰማሁት፤ ቀጥኗል። ልናገር ብል አልሆነልኝም፤ ስልኩን መለስኩላት። አየሽ፣ «ልናገር ብል» ስል ያቺው ቃል ናት፤ ተባዩም የሚጻፈው እንዲሁ ነው። ቃሏ በሄድኩበት ሁሉ ትከተለኛለች። ደግሞ የጠፋው በጽሑፍ ስለሆነ መመለስ ያለበት በጽሑፍ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይኸኛው አራተኛው ነው።

ሂዊ አንድ የወንድ ካፖርት ይዛለች። ጥቁር፣ ንጹህ ሱፍ ነው፣ ካሉኝ ሁሉ የተሻለው። ብል አልነካውም፤ ቢሆንም ሦስት ሳምንት ፍሪዘሬ ውስጥ ከዶሮ ሥጋ ጎን አቆይቼዋለሁ። የዶሮ ሽታ ቢኖረው ፀሐይ ላይ አውጡት። የደብረ ብርሃን ሐምሌ ምን እንደሚመስል አልረሳሁም። እንዳይሰጠው ለማንም። ይልበሰው። ቁራጩን እኔ አስቀርቼዋለሁ፤ አንቺ አደራ ላይ ጎበዝ አይደለሽም።

አሁን ድምፅሽን ከፍ አድርጊና ይህችን አንብቢለት። የስሙ መጀመሪያ ከሀዎቹ የትኛው እንደሆነ ወንጌላዊትን ደጋግሜ ጠይቄ ነው የጻፍኩት፤ ሃያ አራት ዓመት በአፌ ያልጠራሁት ስም ነው፣ እንዳልሳሳትበት።

ኃይለሚካኤል፤ የሺሀረግ ነኝ። አደራዬን የበላው ብል ነው። አንተ አልነካህም። ሌባ አይደለህም፤ አልነበርክምም።

እናኑ፣ ያቺን ቃል ስታነቢ ተጠንቀቂ። ጭረቷን ሁለት ጊዜ አድምቄያታለሁ።

እግዚአብሔር ለእሱ ቀን ይጨምርለት። ለአንቺም ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ የእጅ ጽሑፍሽንም አብሮ።

እህትሽ
የሺሀረግ

ወንጌላዊት ከፊርማ በኋላ አይጻፍም ብላኛለች። እኔ ግን አልጨረስኩም። ስለ ጋሼ ደበላ መነጽር ከላይ የጻፍኩትን ሰርዢው፤ እኔ ልሰርዘው ስል እጄ አልታዘዘኝም። መነጽራቸው ደህና ነበር። እዚያች ቃል ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው «ብል ነው ባል? አልለይ አለኝ» ብለው ጠይቀውኝ ነበር።

«ባል ነው፤ ይቀጥሉ» አልኳቸው።